ሬሳ የሌለበት ድንኳን

ጎርጎራ፣ ኅዳር 1972

ወንድሜ አዘዘ፣

«ተራራ ላይ በድንኳን ማደር ነፃነት ነው» ብለህ ድንኳንህን ስታውሰኝ፣ የምጓዝበትን ብስክሌት ዳገት ለዳገት እኔ እንደምሸከመው አልነገርኸኝም። ትናንት ከጎርጎራ በላይ ካለው ተራራ ወጥቼ ድንኳኑን ተከልሁ። አንተ እዚያ ባሕር ዳር ከተማ ድንኳን ስታይ ሠርግ ነው ብለህ ሳትጠራ ትገባለህ። የዚህ አገር ሴቶች ግን ዛሬ ጧት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው፣ እያለቀሱ መጡ። ርቦኝ ስለነበር መጀመሪያ ንፍሮውን በላሁ፤ ማንም እንዳልሞተ የነገርኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ወዲያው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደረሰና «ሬሳ ከሌለ ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ንቀለው» አለኝ። ካስማውን ልነቅል ጎንበስ ስል፣ ከአልቃሾቹ መካከል ወለተ ኪዳን የሚባሉ አሮጊት ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አልወጣም አሉ።

«ልጄ ሲሞት፣ ለፀረ አብዮት አይለቀስም ብላችሁ ድንኳን ከልክላችሁኝ ነበር። አልቅሼ እስክጨርስ ይሄ አይነቀልም» አሉት።

ሊቀ መንበሩ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ፀሐይወርቅንና ልጆቹን ሳምልኝ። ድንኳንህን ግን በቶሎ አትጠብቅ፤ ለቅሶ ተቀምጧል።

አንዳርጋቸው