ስለተረፈችልን ሰማንያ ሳንቲሜትር

ለተከበሩ የከተማችን የሕንፃ ዲዛይን ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የኮሚቴዎን አባላት ጤንነት፣ በተለይም የዓይናችሁን፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቶቼ አላስቆም አላስቀምጥ ከማለታቸው በቀር ደህና ነኝ። ስሜን ባያውቁትም ሥራዬን ሳያዩት አልቀሩም፤ እናንተ ዛሬ በምትሰበሰቡበት ሕንፃ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሕንፃ ፕላን ስስል ኖሬ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። የምኖረው በዋናው መንገድ ዳር ሊሠራ ከታሰበው ባለ አምስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ በስተኋላ፣ ሰባት ቤቶች በጋራ በሚወጡበት መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ኮሚቴዎ የዚህን ሕንፃ ዲዛይን ገምግሞ በሙሉ ድምፅ እንዳጸደቀው ዓርብ ዕለት መዝገብ ቤታችሁ ሄጄ ሳነብ እጄን በአፌ ጭኜ ቀረሁ፤ ምስጋናዬም በአደባባይ ሊነገር ይገባዋል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ መስታወቱ አመሰግናለሁ። ከቃለ ጉባኤያችሁ እንደተረዳሁት፣ የሕንፃው ፊት ሰማያዊ መስታወት ይልበስ ወይስ አረንጓዴ በሚለው ጉዳይ ሦስት ስብሰባ ተቀምጣችሁ፣ አንድ አባል የተለየ ሐሳባቸውን አስመዝግበው፣ በመጨረሻ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ እንዲሆን ወስናችኋል። በመኪና ሽው ብሎ ለሚያልፍ ሰው ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ስለ ጀርባው ደግሞ እዚያው ላይ፣ በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ጀርባው ችግር የለበትም የሚል አንድ መስመር አግኝቻለሁ። ጀርባው እኛ ነን። ችግር እንደሌለብን ከእናንተ በመስማታችን ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ልኬቱ። ከሕንፃው ኋላ የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ ተስሏል፤ እሳት ቢነሳ ገበያተኛው ሮጦ እንዲያመልጥበት ነውና እሰየው ብያለሁ። ደረጃው የሚያርፈው ግን በእኛ መተላለፊያ ላይ ነው። መተላለፊያው ሁለት ሜትር ከአርባ ሲሆን፣ ኮሚቴዎ ደረጃው ሰማንያ ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚይዝ ለነዋሪው አንድ ሜትር ከስልሳ ይተርፈዋል ሲል ጽፏል። ይህቺ ሰማንያ ከየት መጣች ብዬ ፋይሉን ሳገላብጥ ጉዱን አገኘሁት። የፕላኑ ዋና ወረቀት ትልቅ ነው፤ ለአባላቱ የታደለው ግን ፋይል ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ በግማሽ ያነሰው ነው። አንድ የተከበሩ አባል በዚህ በትንሹ ወረቀት ላይ ማስመሪያ አጋድመው፣ በትልቁ ወረቀት ስኬል፣ ማለትም በዋናው የልኬት ምጣኔ፣ አባዝተውታል። የመተላለፊያው ስፋት በቁጥር ስለተጻፈ ተረፈ፤ ቁጥር ያልተጻፈበት ደረጃ ግን ግማሽ ሆኖ ቀረ። እውነተኛው ደረጃ አንድ ሜትር ከስልሳ ነው፤ ለእኛ የምትተርፈው ሰማንያዋ ናት። እኛ ምድር ቤት ይህን ስህተት አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ሳምንት ይሠራው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን አይደግመውም።

ሦስተኛውን ባለቤቴ አንብባ፣ ይህስ ስድብ ነው ብላ አሰርዛኛለች።

አራተኛ፣ ስለ እሷው ስለ ባለቤቴ ነው። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አስፋልቱ ድረስ አወጣትና ታክሲ ይዘን ደሟን ወደሚያጥቡላት ሆስፒታል እንሄዳለን። አንድ ቀን ከተዘለለ እግሯ ያብጣል፤ ሁለት ቀን ከተዘለለ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሦስተኛውን ሐኪሟ ሊነግረኝ አልፈለገም። ሐሙስ ዕለት ስንመለስ ሠራተኞቹ ካስማ ተክለው የደረጃውን መሠረት በሲባጎ ወጥረውት ደረስን። እስቲ ይለይለት ብዬ ከሲባጎው ወዲህ በቀረችው በኩል ገፋኋት። ወንበሩ ከጎማ እስከ ጎማ ስልሳ ስምንት ነው፤ ቀጥ ባለው ላይ ግንቡ ክርኔን እየላጠኝ ሄድን፤ መታጠፊያው ላይ ግን ወንበሩ ተሰነቀረና ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። በመጨረሻ ሲባጎውን ረግጬ አስወጣኋት። ኮንክሪት ሲሆን ምኑን እንደምረግጠው አላውቅም፤ ከኋላችን የትምህርት ቤት ግንብ ስለሆነ ሌላ መውጫ የለንም። ባለቤቴ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ድካሙ እኔ ላይ እንደበዛ፣ ሕክምናው ቢቀርም ግድ እንደሌላት ነገረችኝ። አርባ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እሷ ለራሷ ነገር ግድ የለኝም ስትል ሰምቼ አላውቅም። ክቡር ሰብሳቢ፣ ፈርቻለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ቅሬታ ማቅረቢያው። ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ ያመልክት የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈው በግንባታው አጥር ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ያነበቡት ሁለቱ ዘበኞች ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው አረጋግጠውልኛል። አሥሩ ቀን አልፎ ሰኞ ቁፋሮ ይጀመራል፤ እኔም ልማዳችሁን በማክበር ይህን ደብዳቤ እዚያው አጥር ላይ፣ በውጪው በኩል፣ ለጥፌዋለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ሳይደርስ ከእናንተ አንድ ሰው ወረቀቱን ቢሮ ትቶ፣ ሜትር ይዞ፣ በእግሩ ይምጣና ይለካ። ደረጃው ወደ ጎን ቢዞር ባለሕንፃው አንድም ሱቅ አይጎድልበትም፤ እንዴት እንደሚዞር በእርሳስ ስዬ አያይዣለሁ፤ ማስመሪያ እንዳያደክማችሁም ልኬቱን ሁሉ በቁጥርና በፊደል ጽፌዋለሁ።

ስብሰባችሁ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ የሚያልቅ፣ የእናንተም ደጅ ማንም የማይደፍረው ሰፊ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞው የምድር ቤታችሁ ፕላን ሠሪ

ማስታወሻ፦ ቁፋሮው ሰኞ ከጀመረ፣ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴን በጎረቤቶቼ ትከሻ ጉድጓዱን አሻግሬ አወጣታለሁ፤ መልሶ ማስገባቱ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ስንወጣ በቀጥታ ወደ እርስዎ ቢሮ እንመጣለን። በርዎን ዓርብ ዕለት ለክቼዋለሁ፤ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ ወንበሩ እንደ ልቡ ይገባል። ከሕክምናው በኋላ ብርድ ስለሚሰማት መስኮቱን ዘግተው ቢጠብቁን ደስ ይለናል፤ ሐሙስም ለሕክምናው የምንነሳው ከዚያው ከቢሮዎ ነው።