ዘነበች ያልገባት መወድስ

ወንድም ጋሻዬ ይልማ፣

ከተለያየን ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እኔ ደክሞኛል። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ማመልከቻ ስንጽፍ በኖርንባት ቦታ አሁንም እቀመጣለሁ፤ ባለጉዳዩ ግን ኮምፒውተር ወዳላቸው ይሄዳል። ባለፈው ሰኞ አንዲት ሴትዮ አንተን ፈልጋ መጣች። «እስከ መጨረሻው የሚያዳምጡት ሰውዬ የታሉ?» አለችኝ። ማረፍህን ስነግራት ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።

በአርባህ ቀን መወድስ ተቀኘሁልህ፤ ስምንቱንም ቤት በግዕዝ። ቅኔ ቤት ሳለን አንተ ቀድመኸኝ ትጨርስና እንዳላፍር ብለህ ዝም ትል ነበር። አሁን የሚጠብቀኝ የለም። አንተን የሊባኖስ ዝግባ፣ ሞትን መጥረቢያ አደረግኩ። ልደታ ማርያም ግቢ ካህናቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉ፣ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ሰው ሲበተን ባለቤትህ ዘነበች ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ግዕዙ አልገባኝም። ምን አሉለት?» አለችኝ። በአማርኛ ነገርኳት፤ ዝግባውን፣ መጥረቢያውን፣ «ከቶ ያልተለየሁት ወዳጄ» ያልኩበትንም። ሰማችኝና፣ «ታዲያ ይልማ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች።

እውነቷን ነው። ከቶ አልተለየሁትም ማለቴም ውሸት ነው። ከሥራ የቀረህ ዕለት ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩ። በማግሥቱ ወደ ቤትህ የሚያወጣውን የአራት ፎቅ ደረጃ አሰብኩና ጉልበቴን ሰበብ አደረግኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ስመጣ የጠበቀኝ ለቅሶ ነው።

መወድሱን የጻፍኩበትን ወረቀት ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። በግዕዝ እምቢ አለኝ። አንድ ሳምንት ስጽፍ ስሰርዝ ከርሜ ሁለት መስመር አማርኛ ወጣልኝ፤

የሰውን ሁሉ ብሶት ሲጽፍ የኖረው፣
የራሱን የሚሰማ ወዳጅ ቸገረው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁና አነበብኩላት። አለቀሰች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ «አልቸገረውም» አለችኝ። «ትኩሳቱ ከበረታበት ጀምሮ ሲያወራ የነበረው ከእርስዎ ጋር ነው። በግዕዝ ስለሆነ ከስምዎ በቀር አንድ ቃል አልገባኝም።»

ይልማ፣ ምን እያልከኝ እንደነበር አላውቅም። ተቆጥተኸኝ ይሁን፣ ቅኔ እየዘረፍክ ይሁን፣ ና እያልከኝ ይሁን፣ የሚነግረኝ የለም። እሷም ደጋግማ ለማስታወስ ሞከረች፤ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ተወችው።

ሁለቱን መስመር አልሰረዝኳቸውም። ዘነበችም በቃሏ ይዛቸዋለች። ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ይጠፋኛል፤ የጎረቤት ስም እንኳ ይጠፋኛል። እየጠራኸኝ ያልሰማሁባቸውን ሦስት ቀናት ግን እስክከተልህ ድረስ አልረሳቸውም።

የቅኔ ቤት ጓደኛህ
ላቀው