ከመቶ ዘጠና አምስት

ሐሙስ

ሳትኩ። የመምታት ዕድልሽ ከመቶ ሰባ ነው ተብዬ ሳትኩ። ዘንዶው ክንፉን ዘርግቶ በአናቴ ላይ አልፎ ሄደ፤ ስክሪኑ ላይ «ስተሻል» የምትለዋ ግራጫ ጽሑፍ ወጣች። በቃ።

ስልኬን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ተሰብሮ እንደሆነ ብዬ ሮጬ አነሳሁት። አልተሰበረም።

ያሳፍራል ግን ልጻፈው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሰቆጣ ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ መልስ በስልክ ዘንዶ እዋጋለሁ። የጀመርኩት በታናሽ ወንድሜ በጸጋው ምክንያት ነው። ሳዑዲ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ጨዋታው ውስጥ ግን ያወራል። እሱ ጋሻ ይዞ ከፊት ይቆማል፣ እኔ ከኋላ ቀስት እወረውራለሁ፣ በመካከሉ ምን እንደበላ፣ ሙቀቱ እንዴት እንዳደረገው ይጽፍልኛል። ከእኛ ሌላ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ አለቃ የምንለው የደሴ ሰው ነው። ሌላዋ ቁስላችንን የምታክም ልጅ ናት፤ እሷ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ዘንዶው የሚመጣው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሊሞት ሲል ወደ ሰማይ ይነሳል፤ ያን ጊዜ የሚደርስበት የእኔ ቀስት ብቻ ነው። አንዲት ቀስት። ከሳትኩ አምልጦ ለነገ።

እና ጸጋው ዛሬ ውጊያው ሳይጀመር ምን ብሎ ጻፈ? «እትየ፣ የመጨረሻዋን ከመታሽ ለአባየ እደውላለሁ።»

ሁለት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ነገር! ሳይነግረን በባሕር የሄደ ጊዜ አባየ በንዴት ጎረቤት ፊት «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» አሉ። ወሬው እሱ ጋ ደረሰ። በሄደ በአምስተኛው ወር ስልኩን ሲቀይር አዲሱን ቁጥር ለእኔ ብቻ ሰጥቶ፣ «ለአባየ እንዳትሰጪ፤ ከፈለጉኝ ራሳቸው ይጠይቁሽ» ብሎ አስማለኝ። አባየ ደግሞ አይጠይቁም። ሁለት ግትሮች፣ መካከላቸው እኔ።

አሁን የአባየን ነገር ከመቶ ሰባ ላይ አንጠለጠለው። እኔም ሳትኩ።

ዓርብ

ዛሬም ሰባ፤ ዛሬም ሳትኩ።

እንዳልስት የሞከርኳቸው ነገሮች፦
– ስክሪኑን ጠንከር አድርጎ መጫን።
– ዘንዶው አፉን ሲከፍት ጠብቆ መጫን።
– ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ወጥቶ አጥር ጥግ ቆሞ መጫን። ጎረቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።
– አማትቦ መጫን። ይቅር ይበለኝ።

በሻይ ሰዓት የሒሳብ መምህራችንን ደሳለኝን አማከርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እርሳስ አወጣ። የእኔ የማነጣጠር ነጥብ አለ፣ የዘንዶው የመሸሽ ነጥብ አለ፤ የእሱ ከእኔ ይቀነሳል። የተረፈው ነው ሰባ ተብሎ የሚጻፍልኝ። ስጫን ጨዋታው ያለበት የሩቅ አገር ኮምፒዩተር ከአንድ እስከ መቶ ካሉት አንድ ቁጥር ያወጣል። እስከ ሰባ ከሆነ መታሁ፤ ከሰባ ካለፈ ሳትኩ።

«ጣትሽም፣ ኔትወርክሽም አያገባቸውም» አለኝ። «ቀስቷ ስትበር የሚያሳይሽ ለዓይንሽ ነው። ነገሩ ገና ስትጫኚ አልቋል።»

«እሺ፣ ሁለቴ ከሳትኩ ሦስተኛው የእኔ ነዋ!»

«ለምን?»

ለምን ይለኛል እንዴ! ቅርጫ ገብቶ አያውቅም? አሥር ሰው ሆነን በሬ ስናርድ ሥጋው አሥር መደብ ይሆናል፤ ፊቱን ያዞረ ሰው የእያንዳንዳችንን ምልክት፣ የአንዱን ቁልፍ፣ የአንዱን ስንጥር፣ እየተቀበለ በየመደቡ ላይ ይጥላል። አጥንት የበዛበት መደብ ለሌላ ሰው ከደረሰ ለእኔ አይደርስም። መጥፎው ወጥቷላ! እኔ ደግሞ መጥፎዬን ሁለቴ አውጥቻለሁ።

ደሳለኝ ሻዩን አስቀመጠ። «እዚህ ግን ዕጣው በወጣ ቁጥር ተመልሶ ይገባል» አለ። «አጥንታሙ መደብ ሁልጊዜ እዚያው ነው። ጨዋታው ትናንት መሳትሽን አያስታውስም።»

እኔ ግን አስታውሳለሁ። ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በዕጣ እንኳ ይሉኝታ አለ።

ቅዳሜ

አለቃ መከረኝ፤ ጸጋው ካጠራቀመው ነገር የንስር ላባ ያለበት ጓንት ሰጠኝ። ኮረብታ ላይ ከቆምኩ ይጨመርልኛል፣ ጭጋግ ካለ ይቀነስብኛል፣ ከራቅኩ ይቀነስብኛል። ይኼን ሁሉ አስተካክዬ ሰማንያ ገባሁ። ሰማንያ! የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ሰማንያ ያመጣ ልጅ እናቱ እልል ትልለታለች።

ሳትኩ።

አለቃ፦ «ቀስተኛዋ፣ ዓይንሽን ታይተሻል?» ብሎ ጻፈ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት። መምህርት ነኝ፤ ያን ዓይነት አማርኛ መጻፍ አይገባኝም።

ደሳለኝ እያንዳንዱን ውርወራ ጻፊ ብሎኛል። ከትንንሾቹ አውሬዎች ጋር ስንዋጋ የምወረውረውንም ሁሉ። ከዚህ ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ነው፤ ለመታሁት ቀጥ ያለ መስመር፣ ለሳትኩት ክብ።

እሁድ

የዘንዶው ቦታ ለጥገና ተዘግቷል አሉ። ተመስገን። ዛሬ የምስተው ነገር የለም።

ለጸጋው ደወልኩለትና እንዳይዘጋብኝ ገና ሰላም ሳልለው ጀመርኩ። «አባትህን ለማናገር ዘንዶ ምን አገባው? ሰው ቤተሰቡን በዕጣ ይጥላል?»

«እትየ፣ ስንት ጊዜ ቁጥራቸውን አውጥቼ ይዣለሁ መሰለሽ። እጄ እምቢ ይለኛል። ሌላ ነገር ይወስንልኝ ብዬ ነው» አለኝ።

«ምን ይሉኛል ብለህ ነው?»

«ምንም ቢሉኝ። ግን እሳቸውስ? ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ደውለዋል?»

አባየ ስሙን እንኳ አያነሱም። እኔ ቤት ሲመጡ ግድግዳው ላይ ላለው ፎቶው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት።

ሰኞ

አሁንስ በዛ።

ዘጠና አምስት። ከዚያ በላይ አይፈቀድም፤ ምንም ብትለብስ ምንም ብትበላ ጨዋታው አምስቷን ለራሱ ያስቀራል። ጓንት ለብሻለሁ፣ ኮረብታው ላይ ነኝ፣ ጭጋግ የለም፣ ዘንዶው አፍንጫዬ ሥር ነው። ዘጠና አምስት ይላል። ጸጋው «እትየ፣ ስልኬን አዘጋጅቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ተጫንኩ።

ግራጫዋ ጽሑፍ።

አለቀስኩ። በጨዋታ አለቀስኩ ብዬ እንዳላፍር፣ ያለቀስኩት በጨዋታው አይደለም።

አለቃ፦ «አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ፤ ከዚያ ሌላ ቀስተኛ አለን።»

ማታውኑ ደሳለኝ ጋ ደውዬ ጨዋታው ሌባ ነው አልኩት። አስላ፣ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና አምስት፤ አራቱንም መሳት! ትንሽ አሰበና ከሺህ ሰው አንዱ ላይ እንኳ አይደርስም አለኝ። «ታዲያ?» ስለው፣ «ታዲያ ስንት ሺህ ሰው ይጫወተዋል? አንዱ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ አንቺ ሆንሽ» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ጠላሁት።

ከዚያ የደብተሬን ጀርባ አስቆጠረኝ። ሰባ ከሚለው ላይ ሃምሳ ጊዜ ወርውሬያለሁ። ሠላሳ አራቱን መትቻለሁ። ሊሆን የሚገባው ሠላሳ አምስት ነበር። «ጨዋታው አልሰረቀሽም» አለኝ። «የሳትሽውን ስለምትቆጥሪ ነው። የመታሽውን መቼ ታስታውሺዋለሽ?»

እነዚያን ሠላሳ አራቱን እውነትም አንዱንም አላስታውሳቸውም።

ማክሰኞ



የገበያ ቀን ስለሆነ አባየ ከሚኖሩበት ከጋዝጊብላ መጡ። ጨው ገዝተው፣ ከሰዓት እኔ ቤት ገቡና ያቺን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። «ድምጿ አንሷል ልጀ፤ እስቲ እያት» አሉኝ። ድምጹን ጨመርኩ። ለመሞከር የደወሉበትን ዝርዝር ከፈትኩ።

ጸጋው። ጸጋው። ጸጋው። እኔ። ጸጋው። ጸጋው።

የእሱ ሁሉም እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ሁሉም ወደ አሮጌው ቁጥር።

«አባየ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

መሬት መሬት አዩ። «ንዴቴ ሲበርድልኝ ደወልሁለት። አንዲት ዓረብ ታነሳለች። የአሠሪው ሚስት መሰለችኝ። ሰላም አልኋት፤ ልጄን አቅርቢልኝ ብዬ ለመንኋት። በአማርኛም ነገርኋት፣ በኽምጣኛም ነገርኋት። ያንኑ መልሳ መላልሳ ትለኛለች፤ ከዚያ ትዘጋዋለች።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አባቴ ከሆነ እንዳታቀርቢኝ ብሎ አዝዟት ነው ብዬ አፈርሁ። እሷስ ምን ታድርግ፤ የታዘዘችውን ነው። ተቆጥታኝ እንኳ አታውቅም።»

ደወልኩና ድምጹን ከፍ አደረግኩት። ሴትዮዋ በዓረብኛ፣ ቀጥላም በእንግሊዝኛ፣ ይህ ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም አለች።

«እቻት፣ እሷ ናት!» አሉ አባየ።

ሰው እንዳልሆነች፣ የተቀዳ ድምጽ እንደሆነች፣ ጸጋው ያንን ቁጥር ከተወው እንደቆየ ነገርኳቸው። «ታዲያ ያን ሁሉ ሰላምታ የሰጠሁት ለማሽን ነው?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንግዲያ እሱ አላዘዛትም» አሉ።

ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። እኔ ዘጠና አምስት ይዤ ሳትኩ ብዬ አገር ይያዝልኝ እላለሁ። አባየ ከዓመት በላይ ከመቶ ዜሮ ላይ ሲወረውሩ ኖረዋል፤ ሺህ እሁድ ቢደውሉ አይመቱትም። ይኼን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። መሐላ አለብኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

አሁን ይጠይቁኛል፣ ከመሐላዬም እገላገላለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ብዕር ሁሉ አነሳሁ። «አዲሱን ቁጥር…» ስላቸው እጃቸውን አነሱ። «እሱ ይስጠኝ እንጂ አንቺ አትስጪኝ። የደበቀው ራሱ አይደል?» ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ጸጋው በማን እንደወጣ አሁን ገባኝ! ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ነበር።

ያን ዝርዝር ግን ስልኩን ሳልመልስላቸው በፎቶ አንስቼዋለሁ። ዘንዶው ዛሬ ያለእኔ ይምጣ፤ አለቃም እንደፈለገ ይንጨርጨር።

ረቡዕ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። አለቃ ሰላም እንኳ አላለኝም። ውጊያው ሊጀመር ሲል ለጸጋው ፎቶውን ላክሁለት፤ ከሥሩ የዓረቧን ሴትዮ ነገር እንዳለ ጻፍኩለት፣ በኽምጣኛ የለመኗትን ጭምር። ሁለት ሰማያዊ ምልክት ወጣ። አንብቦታል። መልስ የለም።

ዘንዶው መጣ። ጸጋው ከፊታችን ቆሟል፤ ጋሻውን አላነሳም። አለቃ በትልልቅ ፊደል ይጮኻል፦ ጋሻ! ጋሻ! ጸጋው ንቅንቅ የለም። ያቺ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቀዋ ልጅ እንኳ «ባለጋሻው ምን ሆነ? አሞታል?» ብላ ጻፈች። እሳቱ ወረደብን። አንድ በአንድ ሞትን። ቀስቴን ለመወርወር ተራዬ እንኳ አልደረሰም።

አለቃ ሁለታችንንም ከቡድኑ አባረረን። ሦስት ወር አብረን ከተዋጋን በኋላ፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ።

ዛሬ እመታው ነበር። ዘጠና አምስት ነበረኝ፤ ይሰማኝ ነበር። አውቃለሁ፣ ደሳለኝ ይኼን ቢያነብ እርሳሱን ያወጣል።

ለጸጋው ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። አበላሸሁት መሰለኝ። ቀስ ብዬ ልነግረው ሲገባ በውጊያ መሐል ፎቶ እልካለሁ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ

ጠዋት ስነሳ ወሰንኩ። መሐላውን አፈርሳለሁ። ለአባየ ደውዬ ወደዱም ጠሉም አዲሱን ቁጥር አስጽፋቸዋለሁ፤ የሰፈሩ ተማሪ ይጻፍላቸው። ንስሐ እገባለሁ፤ ቄሱ የባሰ ሰምተው ያውቃሉ።

በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ወጥቼ ባንዲራው ሥር ቆምኩና ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ በሌላ መስመር ላይ ናቸው።

የአባየ ስልክ ተይዞ አያውቅም። ማን ይደውልላቸዋል? የሚደውልላቸው እኔ ነኝ። ስሕተት ይሆናል ብዬ ደግሜ ሞከርኩ። ተይዟል። ሻይ አዝዤ ስመለስ ሞከርኩ። ተይዟል። ለጸጋው ሞከርኩ። እሱም ተይዟል።

ደወሉ ተደወለ፤ ተማሪዎቹ ገቡ። ደሳለኝ ጠመኔውን ይዞ ሲያልፍ ፊቴን አይቶ «ዛሬስ?» አለኝ። «አልመታሁም» አልኩት።

ለአባየ ደግሜ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ አራተኛዬ ነው። አሁንም ተይዟል። አምስተኛ አልሞከርኩም። መስመሩን ልተውላቸው ብዬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ክፍል ገባሁ።