ፋይሉ ውስጥ የሌለችው ፊደል

መርሳ፣ ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዙልፋ ሙሐመድዘይን
ሐዋሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የበረታብን። ጽሕፈቴን አይተሽ እንደደነገጥሽ አውቃለሁ። ቆይ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው በስልክ፣ «አባ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ሲሉ ሰማሁ። በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝና ልየው። እውነት ከሆነ ትምህርቱን ትቼ መጥቼ ሱቁን እይዛለሁ» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላልሽ አለኝ። አንድ ዓመት ተኩል የቀራት ልጅ በእኔ እጅ ሰበብ ከዩኒቨርሲቲ ልትወጣ! ስለዚህ ላታልልሽ አሰብኩ።

ሐዋሳ ከመሄድሽ በፊት፣ በቀለም የጻፍኳቸውን ታፔላዎች ከመርሳ እስከ ግራና እየዞርሽ በካሜራ አንስተሽ፣ ፊደሎቼን አንድ በአንድ ስቲከር ለሚቆርጠው ማሽን፣ ለፕሎተሩ፣ ወደሚሆን ፋይል ለውጠሻቸው ነበር። እኔ ደግሞ «እጄ ሳይሞት ልትገንዢው ነው?» ብዬ ተቆጣሁሽ። ያንን ፋይል ከፍላሹ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። አሮጌው ኮምፒውተር ስለተበላሸ በአዲሱ ልከፍተው ብል፣ የታፔላ መሥሪያው ፕሮግራም አላውቀውም አለ። ወልድያ ታፔላ ለሚሠራው ለአስፋው ደወልኩ። «ጋሼ፣ እንዲሁ አይከፈትም፤ ፕሮግራሙን ከፍተው ‹ኢምፖርት› በሚለው ያስገቡት» አለኝ። ባደርገው ፊደሎቼ ምስር አክለው መጡ። መለኪያውን ሳስተካክል ግን ተዘርግተው ወጡ። ሱብሃነላህ! ያ ቀጥ ያለ የ«ለ» እግር! እናትሽ ሳታየኝ አለቀስኩ።

ኮምፒውተሩ ፊደል መሆናቸውን አያውቅም፤ ለእሱ መስመር ናቸው። ታይፕ ማድረግ አይቻልም። እያንዳንዷን በማውስ እየጎተትኩ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሠራሁ። ከዚያ በፕሎተሩ ምላጭ ቦታ እስክርቢቶ አሰርኩና ወረቀት ላይ አስጻፍኩት። እናትሽ ቶይባ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ በኒካሃችን ሰሞን እንኳ ለእኔ እንዲህ አሳምረህ አልጻፍክልኝም!» አለች።

የቀረው ስምሽ ነበር። ለካ ፋይሉ ውስጥ «ዙ» የለችም! ይህን ሁሉ ዓመት ፋርማሲ፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ስጽፍ ኖሬ፣ አንድም ሰው ዙ አላስጻፈኝም። ከ«ሙ» ላይ ቅጥያዋን ቆርጬ «ዘ» ላይ ለጠፍኩ። የልጄን ስም በልጥፍ መጻፍ አስጠላኝ። እስክርቢቶ አንስቼ በእጄ ልሞላው ስል ይህ ጽሕፈቴ ላይ እንደምታይው ሆነ። በዚያ ሁሉ ቀጥ ያለ ፊደል መሃል አንዲት የምትንቀጠቀጥ ዙ። በጣም አፈርኩ። ያንን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ይህን በራሴ እጅ ጀመርኩ፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው። ሐኪም አይቶኛል፤ መድኃኒትም ጀምሬያለሁ። ሱቁ ግን አልተዘጋም። ትናንት ለአንድ የሲሪንቃ ባለ ሱቅ በፋይልሽ ስቲከር ቆርጠን እናትሽ ለጠፈችው። ሰውዬው «የሙሐመድዘይን እጅ አያረጅም» ብሎ መርቆን ሄደ። ያኔ የተቆጣሁሽን ይቅር በይኝ፤ እጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪብኝ፣ እለምንሻለሁ።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ የተማርሽውን የሚጠቅም ያድርግልሽ፤ ጨርሰሽ ስትመጪ በሩ ላይ ቆመን ለመቀበል ያብቃን።

አባትሽ ሙሐመድዘይን

ለክረምት ስትመጪ ዙን ከዚህ ደብዳቤ ላይ ስካን አድርገሽ ፋይሉ ውስጥ ጨምሪልኝ። እንዳታቃኛት፤ እንደተንቀጠቀጠች ትግባ።