የአንዷለም የወተት ጥርስ

ውድ ወንድሜ አንዷለም፣

ጥርስህ እንዴት ነው? አሁንም በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው? እኔ ደክሞኛል። ሰው ሁሉ «በርታ» ይለኛል፤ በርታ ባሉኝ ቁጥር ይብስ ይደክመኛል። ለአንተ ግን ሳልናገረው የቀረ ነገር አለብኝና ልጻፍልህ።

የተወለድክ ጊዜ አንደኛ ክፍል ገና መግባቴ ነበር። እማ በሰባት ወሯ ወለደችህ። በባዘቶ ተጠቅልለህ ከደረቷ ሳትወርድ ከረምክ። ዳዴ አልክ፣ ዓመት ሞላህ፣ ድድህ ግን ባዶ ነበር። እማ ተጨንቃ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ስትወስድህ እኔም ተከትያት ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ዓባይነሽ አፍህን አይታ ሳቅ አለች።

«ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ እናቴ። ጥርስ መሠራት የሚጀምረው ሆድ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ነው የመጣው። ሲወጣም ቅርፊቱ ስስ ሊሆን ይችላል።»

አባባ ሲነገረው «ራሱ ቸኩሎ መጥቶ ጥርሱን ከኋላ አስቀረው?» አለ። በአሥራ አምስተኛው ወርህ ወጣ። ጫፉ ሸካራ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ነበር። ቆሎ ያምህ ስለነበር ሽምብራውን እየለቀምኩ በጥርሴ ከፍዬ እሰጥህ ነበር። ይህን ታስታውሳለህ?

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ዘንድሮ መስከረም፣ የ1999 ምዝገባ ሲጀመር፣ አባባ በሬ ሊገዛ ቡሬ ገበያ ወርዶ ስለነበር አንደኛ ክፍል ላስመዘግብህ የወሰድኩህ እኔ ነኝ። መዝጋቢው መምህር ገብረሰንበት ነበሩ። እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ጆሮህን እንድትነካ አዘዙህ። አልደረሰልህም። «እስቲ አፍህን ክፈት» አሉህ። አንድም የተነቀለ አልነበረም። ያን ጊዜ የክፍል ጓደኛዬ ክንፈሚካኤል ከኋላችን፣

«የወንዳወቅ አባት ቡሬ ድረስ ምን አደከማቸው? በሬው እዚህ ጥርሱ እየታየ ነው» አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ዓመቱ ነው?»

ሰባት ዓመትህ ነበር። ሲስተር ዓባይነሽ ያለችውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ቀኑ ሳይደርስ ስለተወለደ ነው፣ በጥርሱ አይቁጠሩት» ብል ይሰሙኝ ነበር። ግን የአንተ ወንድም ሆኜ እዚያ መቆሜ አሳፈረኝ።

«አምስት ሳይሆነው አይቀርም» አልኩ።

«እንግዲያ ጥርሱን ሲነቅል ይምጣ» ብለው የሚቀጥለውን ጠሩ።

መንገድ ላይ «ወንዴ፣ ሰባት አይደለሁም እንዴ?» አልከኝ። «እሳቸው የሚቆጥሩት በጥርስ ነው» አልኩህ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ትሸኘኝና አፍህን ትከፍታለህ። «ንካው።» እነካዋለሁ። «ገና ነው» እልሃለሁ። አንደኛ ክፍሎች ሀ ሁ ሲሉ በአጥሩ ቀዳዳ ሰምተህ ትመለሳለህ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተነቃነቀ። «አሁን እንንገራቸው» አልከኝ። «ይውለቅና» አልኩህ። ኅዳር ላይ ወባው ያዘህ። በሦስተኛው ቀን እማ ውሃ ስታጠጣህ ጥርሱ ወለቀ። መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝ።

«ጣራ ላይ እንዳትወረውረው። መጀመሪያ ለመምህር አሳያቸው።»

«ሲሻልህ አብረን እናሳያቸዋለን» አልኩህ። በእስክሪብቶዬ ክዳን ውስጥ አኖርኩት። ጥርስህ በወለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሄድክ።

ሠልስትህ ወጥቶ ዘመድ ሲበተን፣ መደባችን ላይ ብቻዬን ነቃሁ። እንደ ልማዴ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ቦታ ትቼልህ ነበር። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ ሳይሆን ወደ መምህር ገብረሰንበት ቢሮ ሄድኩ። ክዳኑን ገልብጬ ጥርስህን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሰባት ዓመቱ ነበር» አልኳቸው።

ጥርሱን አዩት፤ ከዚያ የተላጨውን ፀጉሬን አዩ። «ያን ጊዜ ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አፍሬ።»

ጥርስህን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ወደ አንደኛ ክፍል ዞሬ ቆርቆሮው ላይ ወረወርኩት። ሲንከባለል ጮክ ብሎ ተሰማ፤ ሀ ሁ ይሉ የነበሩት ልጆች ዝም ብለው ወደ ጣራው አንጋጠጡ። «አሮጌውን እንካ» አልኩ። «አዲሱን ስጠኝ» የሚለውን ግን አልጨመርኩም። ልጆቹ ካቆሙበት እስኪቀጥሉ ጠብቄ ክፍሌ ገባሁ።

ዕድሜህን የሚያውቅ ወንድምህ፣
ወንዳወቅ