በጎሐ ላይ የጨመርኩት ገጽ

አራዳ፣ ግንቦት 1974 ዓ.ም.

ውድ አርአያ፣

ድሬዳዋ አጎትህ ዘንድ በሰላም መግባትህን እናትህ ነገሩኝ። ከእስር የወጣህ ሰሞን ምኒልክ አደባባይ አይቼህ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ መንገድ መሻገሬን ግን ለማንም አልተናገርኩም። አምስት ዓመት ሙሉ «ሲፈታ እግሩ ላይ እወድቃለሁ» ስል ኖሬ፣ ስትፈታ ሸሸሁህ።

ደብተሯን የጀመርናት በ1968 ክረምት፣ እናንተ በረንዳ ላይ ነበር፤ አንተ፣ ረሻድና እኔ፣ የአንድ ግቢ ልጆች። «የሌለች አገር እንፍጠር» አልክ፤ ስሟን ጎሐ አልናት። ረሻድ ገበያዋን ከነጫጫታው ከአትክልት ተራ ገልብጦ አመጣው። እኔ ወንዞቿን ሣልኩ፤ አንተ ሕጓን ጻፍክ። አንዱ የጨመረውን ሌሎቹ አንብበው ጠርዙ ላይ ያለ ይሉኝታ አስተያየት እንዲጽፉ ተስማማን። ረሻድ ወንዜ ላይ «ሽቅብ ይፈሳል፤ ሰክሯል እንዴ?» ብሎ ጽፎ ስንት ቀን አኮረፍኩት!

እኔም ሕግህን ሳነብ አልራራሁልህም። «ሁሉም ደግ የሆነበትን አገር ማን ያምናል? የሚያስፈራ ነገር ይኑራት» ብዬ ጻፍኩ። ፊትህ ተለወጠ።

«እንዲህ ያለ ነገር እዚህ እንዲገባ አልፈልግም።»

«ታዲያ ታሪክ አይሆንማ!»

«እንግዲያው አንቺው ጻፊው።»

ጻፍኩት። ከቤተ መንግሥቷ ሥር ጨለማ ቤት አስቆፈርኩ፤ ሰው ከቤቱ እየጎተቱ የሚወስዱ ወታደሮች ጨመርኩ። ጥሩ ስለወጣልኝ ኮርቼበት ነበር።

በ1969 መጋቢት፣ በቤት ለቤቱ አሰሳ ጊዜ ደብተሯን አገኟት፤ የገለጡትም ያንን ገጽ ነው። ረሻድ ሐረር አክስቱ ጋ ሄዶ ነበር። የቀረነውን ግቢው ውስጥ አሰለፉን።

«ጎሐ የየትኛው ድርጅት ስም ነው? ይሄን የጻፈው ማነው?» አለ ደብተሯን የያዘው የአሳሾቹ አለቃ።

አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። አንተ ወደ እኔ እንኳ ሳታይ «እኔ ነኝ። ደብተሩ በሙሉ የኔ ነው» አልክ።

ባለፈው እሑድ እናትህ ዘንድ ገባሁ። ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ ለተክርስቶስ፣ ያን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እጃቸው ሥራውን አላቆመም። «አውቃለሁ ልጄ። ለመቀሌ ዘመዶቼ ደብዳቤ የምትጽፊልኝ አንቺ አይደለሽ? ማንበብ ባልችልም የጽሕፈትሽን መልክ አውቀዋለሁ። ያን ለት ሰውየው ሲገልጠው አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንዱ ልጄ ተወሰደ፤ ሁለተኛዋን በእጄ አውጥቼ ልስጥ?»

አልቅሼ ሲወጣልኝ «ለእኔ የነገርሽኝ ይበቃል። ለእሱ ንገሪው» አሉኝ።

አርአያ፣ «ልጅ ነበርኩ» ብዬ አላመልጥም። በሰጠሁህ አስተያየት አላፍርም፤ የማፍረው በዝምታዬ ነው። ይቅርታህን በወረቀት መለመንም ድፍረት መሰለኝ።

የፊታችን ዓርብ በባቡር እመጣለሁ። በር ላይ ቆሜ ስሜን እጠራለሁ። ካልከፈትክልኝ አልቀየምህም። ከከፈትክልኝ ግን ይህንኑ ሁሉ ዓይንህን እያየሁ እነግርሃለሁ።

ያን ቀን ዝም ያለችው፣
አዳነች