ውድነሽ ስትስቅ የዋለችበት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18 ቀን 1979

ሁለት ፎቅ ቢሮ ወልውዬ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ አንድ ፌርማታ አለፍኩ። ሰፈራችንን ሆግቭሊትን በእግሬ አቋርጬ ቤት ስደርስ ጓደኛዬ ውድነሽ በር ላይ ቆማለች። የምትሠራበት የአዛውንቶች ቤት ሠራተኞቹን ቅዳሜ ጀርመን አገር ሊያዝናና ነው፣ ቪስባደን የሚባል ከተማ። ኮረብታ ላይ በገመድ የሚወጣ የድሮ ባቡር አለ አሉ። አንድ ሰው ማስከተል ይፈቀዳል።

«አንቺን አስጽፌያለሁ፣ እምቢ እንዳትዪኝ።»

ቅዳሜ መተኛት ነበር ያማረኝ። እምቢ ማለት መቼ እንደምማር እንጃ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ከሥራ ስወጣ አቶ ኪዳነ ቆመው ይጠብቁኛል። ድሮ መርከበኛ የነበሩት፣ የአስመራው ሽማግሌያችን።

የውድነሽ ወንድም ከደሴ ደውሎላቸው… እናትየው አርፈዋል። ከተቀበሩ አምስት ቀን ሆናቸው። «በስልክ እንዳትሰማ፣ ሰው ተሰብስቦ ይንገርልኝ» ብሏል ልጁ። ልክ ነው፣ መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። እሑድ ማለዳ እንገባለን አሉ፣ ሁሉም ሰው የሚያርፈው ያን ቀን ነው።

«ቅዳሜ እኮ ሽርሽር ልትሄድ ነው» አልኳቸው።

«ትሂድ። እዚህ ከዋለች አንዱ ያመልጠዋል። አንቺ አብረሻት ነሽ፣ ፊትሽን ብቻ ጠብቂ።»

ዘጠኝ ዓመት እናቷን አላየችም። ፊቴን የምጠብቀው እንዴት ነው?

ዓርብ፣ ግንቦት 21

ውድነሽ በር አንኳኳች። ገላዬን እየታጠብኩ ነው ብዬ ጮህኩ። ልብሴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

እየተመለስን ነው። አውቶቡሱ እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ውድነሽ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፣ ስትነቃ ደብተሩን እዘጋዋለሁ።

ባቡሮቹ ሁለት ናቸው፣ ቢጫ፣ በአንድ ገመድ የተያያዙ። ሞተር የላቸውም። ላይ ያለውን ውሃ ይሞሉታል፣ በክብደቱ ሲወርድ ታች ያለውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ታች ሲደርስ ውሃውን ይደፋል። በፈረንጅ ከ1888 ጀምሮ እንዲሁ ነው አለን ፍሬን የሚይዘው ሰውዬ። እኔም የያዝኩትን እዚያው ደፍቼ ብገላገል ተመኘሁ።

መሃል ላይ ወራጁ ባቡር አጠገባችን ሲያልፍ፣ ውድነሽ ለማታውቃቸው ፈረንጆች እጇን እያውለበለበች ሳቀች። ሳቋ አላቆመም። ላይ ወጥተን ከተማውን ቁልቁል አየነው፤ ቀይ ጣራ፣ ዛፍ፣ ከእግራችን ሥር የወይን ተክል። ይሄን ሁሉ ዓመት ሆላንድ ሜዳ ላይ ኖረን፣ ከፍታ ካየን ስንት ጊዜያችን።

«ከጦሳ ተራራ ላይ ደሴን ያየሁ መሰለኝ» አለች። ቀጥላ ካሜራዋን ሰጠችኝ። «ለእማዬ እልከዋለሁ። ከሳች እንዳትል ስስቅ አንሺኝ።»

አነሳኋት። ሦስት ጊዜ።

ጫካው ውስጥ ጉልላቱ ወርቅ የሆነ የሩስያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሕይወት ላሉት ሻማ የሚበራው አንድ ቦታ ነው፣ ለሞቱት ሌላ ቦታ። ጠባቂዋ አሳየችን። ውድነሽ ለእናቷ ጤና ከሕያዋኑ ዘንድ አበራች። እኔ ደግሞ… ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሄጄ ከሙታኑ ዘንድ አበራሁ።

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ።»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አብረዋት የሚሠሩት መርዶ ምን እንደሆነ አያውቁ። መልሼ ዘጋሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 23

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባን። አሥራ አንድ ሰው። ገና በሩን ስትከፍት ገባት። አቶ ኪዳነ አረዷት። ያዝናት፣ አለቀስን…

ረገብ ስትል ዞራ አየችኝ።

«የትናንቱ ሻማ ለአባትዎ ነበር?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

«እርስዎ ያውቁ ነበር።»

እርስዎ። በአሥር ዓመት ብበልጣትም ከሱዳን ስደታችን ጀምሮ «የትኔ» እንጂ በሙሉ ስሜ «የትነበርሽ» ብላ እንኳ ጠርታኝ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

የምስር ወጥ ይዤላት ሄድኩ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለምን ደከሙ» አለችኝ። ደከሙ! ወንበር አስጠጋችልኝ። እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ ወጣሁ።

አቶ ኪዳነ ወጉን ነው የጠበቅሽው ይሉኛል። እሳቸውን አልተቀየመችም። እሳቸው ግን ስትስቅ ፎቶ አላነሷትም። እናቷ አፈር ገብታ ጥርሷን ያሳየችው ለእኔ ነው። እኔ ብሆንስ ይቅር እል ነበር?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

ገበያ ተገናኘን። «ደኅና ነዎት?» ደኅና ነኝ። አለቀ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 3

ትኩሳት። ሥራ ከቀረሁ ሦስት ቀኔ። ለማን ልደውል? ለማንም አልደወልኩም።

እሑድ፣ ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። እኔ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎኛል።

በሩ ሊሰበር ደረሰ። ተንፏቅቄ ከፈትኩ። ውድነሽ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች። ከታች ያለችው ሆላንዳዊት ነግራት ነው።

«አምስት ቀን ሙሉ ስትታመሚ እኔ ከጎረቤት ልስማ? መደበቅ ሥራ አደረግሽው? ልብ የለሽም አንቺ?» ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች። «ቴርሞሜትርሽ የት ነው? ይሄ ነው የበላሽው? ብትሞቺስ ኖሮ? ለአንቺ ደግሞ ማንን ልሰብስብ ነው፣ አንቺ ግትር!»

ግድግዳውን ተደግፌ ሰማኋት። አላቋረጥኳትም። ስትሰድበኝ ብትውል ብታድር አልጠላም። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፣ እሷ ውሃ ይዛ መጣች።

«ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ።

ያስለቅስዎታል አላለችም።